«66 ሜጋቢት ይበቃል» ለሚለው ስሌት የተሰጠ ምላሽ

በጅማ የኔትወርክ ባለሙያዎች ዘንድ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፦ ጅማ ከተማ ውስጥ ያለ፣ 400 ተማሪ የያዘ አንድ ኮሌጅ የቪዲዮ ትምህርት ለማድረስ የስንት ሜጋቢት መስመር ይከራይ? መልሱ በአራት መስመር ያልቃል። ማታ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በሰዓት 120 ጊዜ ቪዲዮ ይከፈታል። አንዱ ተማሪ በአማካይ 20 ደቂቃ ያያል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 40 ተመልካች አለ ማለት ነው። አንዱ ቪዲዮ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ስለሚፈልግ 40 በ1.5 ተባዝቶ 60 ይሆናል፤ ለጥንቃቄ 10 በመቶ ሲጨመር 66።

ጸሐፊው ይህን ቁጥር በስድስት ነጥቦች ደግፈው መጨረሻ ላይ አንድ ምክር አክለዋል። ስድስቱንም በተራ እናያቸዋለን። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ሰፊ ቦታ የሰጠናቸውም ለእነሱ ነው። ምክሩ ግን ትክክል ነው፤ ወደ እሱ በመጨረሻ እንመጣለን።

«የኢንተርኔት ፓኬት እንደ ስልክ ጥሪ ነው፤ የፖይሰን ስርጭት ይበቃዋል»

የስልኩን ስሌት የሠራው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ የጥሪዎችን አመጣጥ በፖይሰን ስርጭት (እርስ በርስ ሳይገናኙ በዘፈቀደ የሚመጡ ነገሮችን ብዛት በሚያሰላው) የገለጸበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1909፣ መስመሮች ሁሉ ተይዘው ጥሪ የሚመለስበትን ዕድል የሚሰጠውን ቀመር ደግሞ በ1917 አሳተመ። ቀመሩ ዛሬም አልተሻረም። ደዋዩ ብዙ ከሆነ፣ አንዱ ደዋይ ከሌላው ጋር ካልተማከረና አንድ ጥሪ አንድ መስመር ብቻ ከያዘ በትክክል ይሠራል።

ግማሹ እውነት እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎች ቪዲዮ የሚከፍቱበትን ጊዜ ብቻ ከወሰድን፣ እሱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ካየነው፣ ለፖይሰን ይቀርባል። ተመራማሪዎቹ ቬርን ፓክሰንና ሳሊ ፍሎይድ በ1990ዎቹ አጋማሽ የረጅም ርቀት ትራፊክን መርምረው የደረሱበት ይህንኑ ነው፦ የሰዎቹ አገባብ በፖይሰን ይገለጻል፤ የፓኬቶቹ (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች) አመጣጥ ግን አይገለጽም። እንዲያውም ጸሐፊው የጠሩትን ፖይሰን ራሳቸው አልተጠቀሙበትም። አማካዩ 40 የሆነ ፖይሰን ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ (ከአማካዩ የሚዋዥቅበት ልክ) የ40 ስኴር ሩት ነው፤ 6.3። ከ100 ቅጽበት 99ኙን ለመሸፈን በ40 ላይ የ6.3ን 2.33 እጥፍ መጨመር ያስፈልጋል፤ 55 ተመልካች ይመጣል። በኤርላንግ ቀመር ብናሰላና ከ100 ጥሪ አንዱ ቢመለስ እንቀበላለን ብንል 53 ይወጣል። ኢንተርኔት ግን «መስመር ተይዟል» ብሎ ማንንም አይመልስም፤ ሁሉንም አስገብቶ ሁሉንም ያንቀረፍፋል። ስለዚህ 55ን እንያዝ። አማካዩ 20 ደቂቃ እስከሆነ ድረስ፣ አንዱ 2 ደቂቃ ሌላው 2 ሰዓት ቢያይ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ወደ ፓኬቱ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ከ1989 እስከ 1992 በአሜሪካ በቤልኮር የስልክ ምርምር ኩባንያ የኤተርኔት (የቢሮ ኬብል ኔትወርክ) መስመሮች ላይ የተሰበሰበውን ልኬት ይዘው ተመራማሪዎቹ ሌላንድ፣ ታቁ፣ ዊሊንገርና ዊልሰን በ1993 ያሳዩት፣ ትራፊኩ በ10 ሚሊሰከንድም በ100 ሰከንድም ሲታይ ያው ጎርበጥባጣ መሆኑን ነው። በፖይሰን ቢሆን ኖሮ የምናይበትን የጊዜ መስኮት ስናሰፋ ጉብታው ይሟሽሽ ነበር። በቁጥር እንየው። ከ10 ሚሊሰከንድ ወደ 100 ሰከንድ ስንሄድ መስኮቱ 10,000 ጊዜ ይሰፋል። በፖይሰን የአማካዩ መዋዠቅ ወደ መቶኛው ይወርዳል። የኸርስት ቁጥሩ (ትርጉሙ ቀጥሎ ይመጣል) 0.8 በሆነ ትራፊክ ግን የሚወርደው ወደ ስድስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሁሉ ለስላሳ መስሎት መስመር የተከራየ ሰው የሚጎዳው በዚህ ልዩነት ነው።

ኸርስት የተባለው ሰው የኢንተርኔት ሰው አልነበረም። ሃሮልድ ኸርስት እንግሊዛዊ የውሃ ተመራማሪ ነበር፤ ግብፅ ተቀምጦ ለአሥርት ዓመታት የዓባይን ውሃ ለካ፤ ዝነኛ ጥናቱን በ1951 አወጣ። የለካው ውሃ ባብዛኛው ከእኛው ደጋ የወረደ ነው፤ ዲዴሳም ከጅማ ወገን ተነሥቶ ዓባይን ይቀላቀላል። ያስተዋለው ነገር ገበሬ የሚያውቀው ነው፦ ደረቅ ዓመት ብቻውን አይመጣም፤ ጥጋብም እንዲሁ ተከታትሎ ይመጣል። ዛሬ የሆነው ነገ ከሚሆነው ጋር ዝምድና ከሌለው ቁጥሩ 0.5 ይሆናል። ከዚያ ወደ 1 በቀረበ መጠን መጥፎው ጊዜ ሲመጣ ቶሎ አይለቅም።

ከየት መጣ ለሚል፣ መልሱ ከፋይሎቹ ርዝመት ነው። አብዛኛው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ጥቂቱ ግን እጅግ ግዙፍ ነው፤ ያ ጥቂቱ አብዛኛውን ባይት ይወስዳል። እንዲህ ያለው ርዝመት በፓሬቶ ስርጭት ሲገለጽ የጅራቱን (የእጅግ ግዙፎቹን) ክብደት የሚያሳየው አልፋ በ1 እና በ2 መካከል ከወደቀ አማካዩ ይኖራል፤ ቫሪያንሱ (የስታንዳርድ ዲቪየሽኑ ስኴር) ግን ወሰን ያጣል። የኸርስት ቁጥር ከ3 ላይ አልፋን ቀንሶ ለ2 ማካፈል ነው። አልፋ 1.4 ሲሆን 0.8 ይመጣል። የተመልካቹን ብዛት ያልነካው የርዝመት ስርጭት ትራፊኩን የሚያናውጠው በዚህ በኩል ነው።

ለመለካት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። በመውጫው ራውተር ላይ በቲሲፒደምፕ (ፓኬት በሚይዝ ሶፍትዌር) የፓኬቱን የፊት 96 ባይት ብቻ ያዙ፤ ይዘቱ አያስፈልግም፣ የሰው ገመና ነው። አድራሻዎቹንም ቀይሩ። ባይቱን በየ10 ሚሊሰከንዱ ቁጠሩ። ከዚያ በ10፣ በ100፣ በ1,000 እያቧደናችሁ የየቡድኑን አማካይ ቫሪያንስ በሎግ ወረቀት ላይ ንደፉ። መስመሩ በአንድ እርምጃ 1 እየቀነሰ ከወረደ ፖይሰን ነው፤ 0.4 ብቻ እየቀነሰ ከወረደ የኸርስት ቁጥሩ 0.8 ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ የሙሉ ቀን ልኬት አንድ ላይ ከተወሰደ የቀንና የሌሊት ልዩነቱ ራሱ ቁጥሩን ወደ 1 ይገፋዋል። አንድ አንድ ሰዓት እየቆረጡ፣ ዝንባሌውን አውጥቶ መለካት ይሻላል።

ሌላው የፖይሰን ጠላት ምክክር ነው። ጅማ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሰፈሩ ራውተር ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፤ ስልኩ ሁሉ የዘገየበትን ይጠይቃል። መምህሩ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ክፈቱት» ያሉት ትምህርትም እንደዚያው ነው። 200 ተማሪ በአንድ ደቂቃ ሲከፍት «አንዱ ከሌላው ያልተማከረ» የሚለው የኤርላንግ ቅድመ ሁኔታ ፈርሷል፤ ያ 55ም አብሮ ፈርሷል።

«አንዱ ቪዲዮ 1.5 ሜጋቢት ይፈጃል»

1.5 የምስሉ አማካይ ብቻ ነው። ድምፁ 128 ኪሎቢት ይጨምራል፤ 1.628 ሆነ። ይህ በፓኬት ተጠቅልሎ ሲሄድ፣ ኤተርኔት ላይ ለእያንዳንዱ 1,460 ባይት ጭነት መስመሩ 1,538 ባይት ይሸከማል፤ የቲሲፒው፣ የአይፒውና የኤተርኔቱ ራስጌ (ደንቦቹ ጭነቱ ላይ የሚለጥፉት የመላኪያ መረጃ) እና በፓኬቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። 1.628 በዚህ ሲስተካከል 1.715 ይሆናል። በ40 ሲባዛ 68.6 ሜጋቢት። 66 ሜጋቢቱ ገና ምንም ወረፋ ሳይመጣ፣ አንድም ተጨማሪ ተማሪ ሳይገባ፣ የራሱን አማካይ አልቻለም። ለጥንቃቄ የተባለውን 10 በመቶ ራስጌውና ድምፁ በልተውታል።

የምስሉም ፍሰት ወጥ አይደለም። በኤች 264 የምስል ማመቂያ ሙሉው ምስል የሚላከው አልፎ አልፎ፣ በአይ ፍሬም ነው፤ በመካከል ያሉት ፒ ፍሬሞች ከቀደመው የተለወጠውን ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ለጅማ ሰው ይህን ለማስረዳት ጀበና ይበቃል፦ አይ ፍሬሙ አቦል ነው፣ ቡናው ሙሉውን የገባበት፤ ቶናና በረካው በቀረው ላይ ውሃ መጨመር ነው። በሰከንድ 25 ምስል ያለው፣ በየ2 ሰከንዱ አንድ አይ ፍሬም የሚልክ የስላይድ ትምህርት እንውሰድ። አይ ፍሬሙ 60 ኪሎባይት፣ 49ኙ ፒ ፍሬሞች 1.5 ኪሎባይት ቢሆኑ በ2 ሰከንድ 133.5 ኪሎባይት ይሆናል፤ በአማካይ 0.53 ሜጋቢት በሰከንድ። አይ ፍሬሙ ግን በራሱ 40 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይለፍ ቢባል 12 ሜጋቢት ይጠይቃል። በቀጥታ ስርጭት፣ በተለይ በቪዲዮ ስብሰባ፣ ምስሉ ስላይድ በተቀየረ ቁጥር የሚሰበረው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለስላይድ ትምህርት 1.5 ሜጋቢት መመደቡ ራሱ ብክነት ነው፤ ጸሐፊው ኢንኮደሩን (ቪዲዮውን የሚያምቀውን ሶፍትዌር) ቢነኩ ኖሮ ግማሹን ችግር ያለ ኪራይ ይፈቱት ነበር።

ተቀድቶ የተቀመጠ ትምህርት በዳሽ ወይም በኤችኤልኤስ የቪዲዮ ማሰራጫ ዘዴ ሲላክ ደግሞ ፍሬም በፍሬም አይሄድም። ቪዲዮው በሰከንዶች ቁራጭ ይከፋፈላል፤ ማጫወቻው አንዱን ቁራጭ በሚችለው ፍጥነት ጎትቶ ያርፋል። የ4 ሰከንድ ቁራጭ ከነራስጌው 6.86 ሜጋቢት ነው። የተማሪው ዋይፋይ 10 ሜጋቢት ከሰጠው በ0.69 ሰከንድ ወስዶ 3.3 ሰከንድ ዝም ይላል። ስለዚህ አንድ ተመልካች 1.7 የሚያፈስ ቧንቧ ሳይሆን፣ ከጊዜው 17 በመቶውን 10 የሚጠይቅ፣ የቀረውን ምንም የማይጠይቅ ነው። 40ውን ብንደምር አማካዩ ያው 68.6 ነው፤ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ ግን 23.8 ሜጋቢት ይሆናል። 100 ሜጋቢት መስመር ቢኖር እንኳ ከ100 ቅጽበት በ9ኙ ገደማ ጥያቄው ከመስመሩ ይበልጣል። ይህ አያስደነግጥም፤ ቁራጩ ትንሽ ይዘገያል፣ በማጫወቻው የተጠራቀመው ሰከንድ ይሸፍነዋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው መስመሩ ከአማካዩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው።

መራራቁ ምን እንደሚገዛ እነሆ። ማጫወቻው 30 ሰከንድ እስኪያጠራቅም ይጎትታል እንበል። 40 ተማሪ አብሮ ሲጀምር በጠቅላላው 2,058 ሜጋቢት መጠራቀም አለበት፤ የሚጠራቀመው ግን ከመስመሩ ላይ እየታየ ያለው 68.6 ተቀንሶ በሚተርፈው ብቻ ነው። በ80 ሜጋቢት የሚተርፈው 11.4 ስለሆነ ለመሙላት 3 ደቂቃ ይፈጃል። በ100 የሚተርፈው 31.4 ነው፤ በ66 ሰከንድ ይሞላል። በ66 ሜጋቢት ግን ዘላለም አይሞላም፤ እየጎደለ ሄዶ ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ትጀምራለች። መስመሩ በአንድ አራተኛ ሲያድግ ጥበቃው በሲሶ ላይ ቀረ። ኪራይ የሚመዘነው በዚህ ነው።

«የ5 ደቂቃው ግራፍ ከ70 በመቶ በላይ ወጥቶ አያውቅም»

የመስመሩ ሙላት በ5 ደቂቃ አማካይ 70 በመቶ ነው ማለት መስመሩ 210 ሰከንድ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ 90 ሰከንድ ባዶ የነበረበትም ሊሆን ይችላል። ማጫወቻ የሚቆመው ግን በ10 እና በ20 ሰከንድ ረሃብ ነው። ግራፉ ያላየውን ተማሪው ያየዋል።

የባሰም አለ። ግራፉ ቁጥሩን የሚያገኝበት አሮጌው የኤስኤንኤምፒ (ራውተርን ልኬቱን የሚጠይቁበት ደንብ) ቆጣሪ 32 ቢት ነው፤ ወደ 34.4 ጊጋቢት ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በ100 ሜጋቢት መስመር ይህ 344 ሰከንድ ይፈጃል፤ በየ5 ደቂቃው ለሚጠይቅ ለጥቂት ያመልጣል። በ1 ጊጋቢት ግን በ34 ሰከንድ ይዞራል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደዞረ ማንም አያውቅም፣ ግራፉም ልብ ወለድ ነው። ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ መጠየቅ፣ በየ10 ሰከንዱ መጠየቅ፣ ከባይቱ ጎን የተጣለውን ፓኬት ቁጥር አብሮ መንደፍ ያስፈልጋል። ባይቱ 70 በመቶ ላይ እያለ የተጣለው ቁጥር የሚወጣ ከሆነ ምስጢሩ እዚያ ነው።

«70 ከሆነ እስከ 90 እንሂድ» የሚለውስ? በቀላሉ የወረፋ ቀመር 100 ሜጋቢት መስመር ላይ አንድ ባለ 1,500 ባይት ፓኬት 0.12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ 90 በመቶ ሲሞላ አማካዩ ቆይታ 1.2 ሚሊሰከንድ ነው። ማን ይሰማዋል! ፊንላንዳዊው ኢልካ ኖሮስ ግን በ1994 የኸርስትን ቁጥር ያካተተ ቀመር አወጣ። በእሱ መሠረት ወረፋው የሚያድግበት ልክ የመስመሩን ሙላትና የቀረውን ባዶ ቦታ እያንዳንዳቸውን ወደ ተለያየ ኃይል አንሥቶ ማካፈል ነው። ቁጥሩ 0.5 ሲሆን ከ70 ወደ 90 በመቶ መሄድ ወረፋውን 4 እጥፍ ያህል ያሳድጋል። 0.8 ሲሆን 150 እጥፍ ያህል። ሁለቱም 20 በመቶ ነው ያደጉት። ስለዚህ የቪዲዮ ትራፊክ ለሚበዛበት መውጫ ከ70 በመቶ ማለፍ የለበትም የምንለው ለመፍራት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ገደል ስለሆነ ነው። 68.6ን ለ0.7 ብናካፍል 98 ይመጣል፤ 55 ተመልካች በ1.715 ብናባዛ 94.3። በሁለት የተለያየ መንገድ ሄደን 100 ሜጋቢት አካባቢ ተገናኘን።

«ችግር ከመጣ የራውተሩን ባፈር ማስፋት ነው»

ይህ ከስድስቱ ሁሉ ጎጂው ምክር ነው፤ ሁለት ባፈር (ዳታ ለጊዜው የሚቆይበት ማከማቻ) ስላምታታ። የማጫወቻው ባፈር የተመልካቹ ስንቅ ነው፤ ቢሰፋ ይጠቅማል። የራውተሩ ባፈር ግን ወረፋ ነው። 1,000 ፓኬት የሚይዝ ወረፋ፣ እያንዳንዱ 1,500 ባይት ሲሆን፣ 12 ሜጋቢት ይሆናል። በ4 ሜጋቢት የመላኪያ መስመር ላይ ይህ ሲሞላ መጨረሻ ላይ የቆመ ፓኬት 3 ሰከንድ ይጠብቃል። ቲሲፒ ደግሞ ፓኬት እስካልተጣለ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ መጨመሩን አይተውም። አንድ ተማሪ የቤት ሥራ ሲልክ የሌላው ቪዲዮ ጥያቄ ከኋላው ይሰለፋል። በኸርስት 0.8 ላይ ደግሞ ባፈር ማስፋት የፓኬት መጣልን የሚቀንሰው እጅግ በዝግታ ነው፤ መዘግየቱን ግን ወዲያው ይጨምራል።

መፍትሔው በሊነክስ ራውተር ላይ ኤፍኪው ኮደል የተባለውን የወረፋ ማስተናበሪያ ማስነሣት ነው። እያንዳንዱን ፍሰት በየራሱ ሰልፍ ያቆማል፤ አንድ ፓኬት ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሲጠብቅና ይህ ለ100 ሚሊሰከንድ ሲቀጥል መጣል ይጀምራል። ነገር ግን ወረፋው የእናንተ ራውተር ላይ ካልሆነ ምንም አይሠራም። የምትልኩትንም የምትቀበሉትንም ከተከራያችሁት 95 በመቶ ላይ ገድቡ፤ ያኔ ወረፋው ከአቅራቢው ሳጥን ወጥቶ ወደ እናንተ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን 5 በመቶ መሠዋት ስለሚሳሳ ብቻ ኤፍኪው ኮደልን ጭኖ «ለውጥ የለውም» ይላል።

«ማጫወቻው ጥራቱን ራሱ ስለሚያስተካክል ሞዴል አያስፈልግም»

ማጫወቻው የሚያስተካክለው ባየው መጠን ነው፤ የሚያየው ደግሞ ይሳሳታል። 6 ሜጋቢት የሚጋሩ ሁለት ማጫወቻዎች እንውሰድ፤ ጥራቶቹ 1.5፣ 2.5 እና 4 ናቸው። አንዱ ቁራጩን የሚጎትተው ሌላው ባረፈበት ቅጽበት ከሆነ 6ቱን በሙሉ ያያል፤ 4ን ይመርጣል። ሌላውም እንዲሁ። ከዚያ ቁራጮቹ ረዝመው ይገናኛሉ፤ ለእያንዳንዱ 3 ይደርሰዋል፤ ሁለቱም ይወርዳሉ፤ ወርደው እንደገና ያርፋሉ፤ እንደገና ይሳሳታሉ። ምስሉ እየደበዘዘ እየጠራ የሚሄደው መስመሩ ስለተለዋወጠ ሳይሆን እርስ በርስ ስለተሳሳቱ ነው። ጥራትን በተለካው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በተጠራቀመው ሰከንድ ልክ የሚመርጥ ማጫወቻ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

የቁራጩም ርዝመት ይቆጠራል። አገልጋዩ (ሰርቨሩ) ውጭ አገር ሆኖ ደርሶ መልሱ (ፓኬት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ) 150 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ በ6 ሜጋቢት ላይ ባለ 1.5 ሜጋቢት ጥራት የ2 ሰከንድ ቁራጭ በ0.5 ሰከንድ ይወርዳል፤ ጥያቄው 0.15 ይጨምራል፤ ከ6ቱ 4.6 ብቻ ተጠቀምን። በ6 ሰከንድ ቁራጭ 5.45 ይሆናል። አፕል ለኤችኤልኤስ መጀመሪያ 10 ሰከንድ መክሮ በኋላ ወደ 6 ያወረደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጣም ሲረዝምም ማጫወቻው ቶሎ መንቃት አይችልም። ለተቀዳ ትምህርት 6 እንላለን።

«መስመሩ በእጥፍ ቢያድግ ፍጥነቱ በእጥፍ ያድጋል»

ለብዙ ተመልካች ድምር፣ አዎ። ለአንዱ ተመልካች ግን ርቀቱና የሚጠፋው ፓኬት ይወስናሉ። የቲሲፒን ፍጥነት የሚገምተው የ1997ቱ የማቲስ ቀመር እንዲህ ነው፦ የፓኬቱን ጭነት ለደርሶ መልስ ጊዜው አካፍል፤ በ1.22 አባዛ፤ ለጠፊው ፓኬት ክፍልፋይ ስኴር ሩት አካፍል። ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ሆኖ ከ100 ፓኬት አንዱ ቢጠፋ 0.95 ሜጋቢት ይመጣል። ያ 1.5 የሚፈልገው ቪዲዮ ይቆማል፤ መስመሩ 66 ይሁን 1,000 ለውጥ የለውም። ከ1,000 አንድ ብቻ ቢጠፋ 3 ሜጋቢት ይሆናል። አገልጋዩ ግቢው ውስጥ ሆኖ ደርሶ መልሱ 5 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ በዚያው በ1 በመቶ ጥፋት እንኳ 28 ሜጋቢት ይገኛል። ቀመሩ ለአሮጌው ቲሲፒ ነው፤ አዲሶቹ የቲሲፒ ዓይነቶች ኪዩቢክና ቢቢአር ከዚህ የተሻለ ይሄዳሉ፤ ርቀት የሚያስከፍለው ግን አይቀርም።

ከጅማ አዲስ አበባ በመንገድ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በኪሎሜትር 5 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ ደርሶ መልሱ 3.5 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ርቀቱ የአዲስ አበባ አይደለም፤ አገራችን ባሕር ስለሌላት ከዚያ ወጥቶ በጎረቤት አገር አድርጎ ባሕር የሚሻገረው ነው። 45 ደቂቃ የፈጀ ትምህርት በ1.5 ሜጋቢት 506 ሜጋባይት ነው። 400 ተማሪ ከውጭ ቢያወርደው 202 ጊጋባይት ይሆናል፤ 100 ሜጋቢት መስመርን 4 ሰዓት ተኩል በሙሉ ይይዛል። ግቢው ውስጥ አንድ ኤንጂንኤክስ (ፋይል የሚያድል ሶፍትዌር) ያለው ሰርቨር ቢቀመጥ መውጫው የሚያየው 506 ሜጋባይቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አብረው የሚከፍቱት 200 ተማሪዎች የሚጠይቁት 343 ሜጋቢትም በግቢው የጊጋቢት ኬብል ላይ ምንም አይደለም፤ ከሰርቨሩ እስከ አክሰስ ፖይንቱ (የዋይፋይ ማሰራጫው) ማለታችን ነው። አየሩ ላይ ግን ሌላ ነው፦ በ6 ሜጋቢት ፍጥነት የተያያዘ የሩቅ ስልክ አንዱን ፓኬት ለመቀበል በ54 ከተያያዘው ወደ 9 እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ አየሩን ይይዛል፤ ዝቅተኛ ፍጥነቶቹን መዝጋት ይገባል። ይህ የሚሠራው ደግሞ ኮሌጁ ራሱ ለያዘው ቪዲዮ ነው። የሌሎች መድረኮች ቪዲዮ ተመስጥሮ ስለሚመጣ በመሐል ይዞ ማቆየት አይቻልም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ዝናብ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። መውጫው ፋይበር ከሆነ አይመለከተውም። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራ ማይክሮዌቭ (የሬዲዮ ማገናኛ) ከሆነ ግን፣ ዶፍ ሲጥል ሬዲዮው ሞዱሌሽኑን ያወርዳል፤ በአንድ ምልክት 8 ቢት ይሸከም የነበረው ወደ 2 ከወረደ 100 ሜጋቢቱ 25 ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚለዋወጠው ትራፊኩ ብቻ አይደለም፤ መስመሩም ነው። ከሬዲዮው የሞዱሌሽን መዝገብ የክረምቱን ወራት አውጥቶ፣ ስንት በመቶ ጊዜ በየትኛው ደረጃ እንደቆየ ሳያዩ መስመር መከራየት ግማሽ ስሌት ነው።

ስለ ምክሩ። ጸሐፊው «ቪዲዮውን ሌሊት ማውረድ ይቻላል» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል፤ ከስድስቱ ነጥብ ሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው። በቀን ስድስት ትምህርት፣ እያንዳንዱ በ1.5፣ በ0.6 እና በ0.3 ሜጋቢት ሦስት ጥራት ቢዘጋጅ 4.9 ጊጋባይት አይሞላም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ በ20 ሜጋቢት ብቻ ገድበን ብናወርደው 33 ደቂቃ ይበቃዋል። በአርሲንክ (ፋይል መቅጃ ሶፍትዌር) ሲሆን ገደቡ የሚጻፈው በኪሎባይት ነው፤ 20 ሜጋቢት ለማለት ወደ 2500፤ 20 ብሎ የጻፈ ሰው ጠዋት ባዶ ሰርቨር ያገኛል። መብራት ቢቋረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል ግማሽ የወረደውን ፋይል እንዲያቆይ ማዘዝ ያስፈልጋል። የቁራጮቹን ዝርዝር የያዘው ፋይል ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ ቁራጮቹ በሙሉ ገብተው ከተረጋገጡ ወዲያ፣ ይቀመጥ፤ ቀድሞ ከገባ ማጫወቻው ያልደረሰ ቁራጭ ጠይቆ ትምህርቱን መሐል ላይ ይሰብረዋል።